አንድ ጎድሏል

ሆስፒታሉ ውስጥ ስሟን የሚያውቀው ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ለሌላው ሁሉ «ቆጣሪ» ነበረች። ቀልደኛው የበር ጠባቂ ባያት ቁጥር፣ «ቆጣሪዋ መጣች፤ የውሃ ነሽ የመብራት?» ይላታል። እሷም ሳትቆም፣ «የአፍህ ነኝ፤ ብዙ ፈጅተሃል» ብላው ታልፋለች።

ቅጽል ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሐኪሙ አጠገብ ቆማ መቀስና መቆንጠጫ፣ መርፌና ክር ታቀብላለች። ደም የሚመጠጥበትን ነጭ ጨርቅ፣ እነሱ ጎዝ የሚሉትን፣ ቆጥራ ትሰጣለች፣ ቆጥራ ትቀበላለች። የተከፈተው ሆድ ከመሰፋቱ በፊት የገባውና የወጣው እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ አንዱ ውስጥ ቀርቷል፤ ውስጥ የቀረ ጎዝ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ሰውየውንም ይዞት ይበሰብሳል።

ይህንን ከመጽሐፍ አይደለም የተማረችው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ቆጠራዋ አልገጥም አላት። ሐኪሙ የተከበረና የተቻኮለ ሰው ነበር። «አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው፣ ስጪኝ ክሩን» አላት። ሰጠችው። በሦስተኛው ሳምንት ታካሚዋ፣ የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ ሆዷ ተነፍቶ በትኩሳት እየነደደች ተመልሳ መጣች። ሁለት ጊዜ ተከፍታ በስንት መከራ ተረፈች፤ ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ አልወለደችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የቆጣሪ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረቷ ውስጥ ሲፈረፈር ኖረ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የነርሶች ኃላፊዋ ቢሮዋ አስጠራቻት። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ፣ ክፉ የማይወጣት፣ ግን ቀልድም የማታውቅ ትልቅ ሴት ናት።

«ሰኞ ከውጭ አገር እንግዳ ሐኪሞች ይመጣሉ። ሁለት ሳምንት እዚህ ይሠራሉ፤ የጣፊያ፣ የሐሞት፣ የማሕፀን፣ እኛ ቀጠሮ እየሰጠን ያከረምናቸውን ሁሉ» አለቻት።

«ሰምቻለሁ።»

«ያልሰማሽው አለ። የነሱ ነርስ ልትሳፈር ስትል እግሯ ተሰብሮ ቀርታለች። ዋናው ሐኪም አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

«ምን ችግር አለው? ቆሜ ነው የኖርኩት።»

«ሰውየው የሚናገረው ስፓኒሽ ብቻ ነው። ዕቃውን በእጁ እያሳየ ይጠይቅሻል፤ ያ ችግር የለውም። ቆጠራውን ግን ጮክ ተብሎ በቋንቋው እንዲነገረው ይፈልጋል። ከቁስሉ ላይ ዓይኑን አያነሣም አሉ።»

«አስተርጓሚውስ?»

ኃላፊዋ ተነፈሰች። «አስተርጓሚው ደም ሲያይ ይወድቃል። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ወድቆ ግንባሩን ሁለት ቦታ ሰፍተውታል። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ወዲያ አያልፍም። እስከ መቶ ልመጂ። አራት ቀን አለሽ።»

ቆጣሪ ከቢሮው ወጣች። በዚያች ከተማ ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ከዚያ ትዝ አላትና ባለችበት ቆመች። እቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ችግሩም እሱው ነበር።

የባሏ አባት ከሁለት ዓመት ወዲህ ከነሱ ጋር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው በጭነት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆነው አሥራ አራት ዓመት ባሕር ላይ ነበሩ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በስፓኒሽ የሚነጋገሩ የደሴት ሰዎች እንደነበሩ አንድ ጊዜ በስሕተት ሲያወሩ ሰምታለች። በስሕተት ያልነው ወድደን አይደለም። እሳቸው ባሕር ላይ ሳሉ ሚስታቸው ታመው ሞቱ። የስምንት ዓመት ልጅ እናቱን ቀብሮ አባቱን አራት ወር ጠበቀ። ያ ልጅ ዛሬ የቆጣሪ ባል ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚፈታ፣ እጁ ወርቅ፣ አፉ ቁጥብ የሆነ ሰው። አባቱን አስጠግቷል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፤ «አባዬ» ግን ብሎ አያውቅም። «እርስዎ» ነው የሚላቸው፣ እንደ እንግዳ። የመርከብ ወሬ በዚያ ቤት ከተነሣ ባልየው ተነሥቶ ይወጣል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሏ ሳይመጣ ወደ ጓሮ ዞረች። ሽማግሌው ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጡ ነበር። ቢላቸው ሲሄድ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር ይወርዳል።

«አባባ፣ ስፓኒሽ ቁጥር ያስተምሩኝ።»

ቢላው ቆመ። «ማን ላከሽ?»

«ሥራዬ ነው የላከኝ።» ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቢላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። «እሱ ከሰማ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አሉና አንድ ድንች አንሥተው እግሯ ሥር አስቀመጡ። «ኡኖ።»

ድንቹ መቁጠሪያ ሆነ። ኡኖ፣ ዶ፣ ትሬ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ። ቆጣሪ ቁጥር ትወዳለችና ቶሎ ያዘች። ስምንት ኦቾ ሲሆን ሳቀች፤ ኦቾሎኒ ብላ ያዘችው። አሥራ ሁለት ዶሴ ነው ሲሏት፣ «የእኛ ዶሴ? የመዝገቡ?» አለች፤ «አዎ፣ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው» አሏት። ከሃያ ወደ ሠላሳ፣ ከሠላሳ ወደ አርባ። ሽማግሌው ሲያስተምሩ ጀርባቸው እየተቃና ድምፃቸውም እየጎላ ሄደ።

«አንድ ሲጎድል ምን ይባላል?» አለቻቸው።

«ፋልታ ኡኖ። በየምሳው ሳሕኑን ስደረድር ሰው እቆጥራለሁ። አንዱ ከቀረ ‹ፋልታ ኡኖ!› እላለሁ፤ ሄደው ይፈልጉታል። ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው። ቢሆንም ሳይፈልጉ የሚበላ የለም። ባሕር ላይ አንድ ሰው ጎደለ ማለት እኮ...» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት ቢላቸውን አነሡ።

ቅዳሜ ባሏ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ሴሴንታ፣ ሴቴንታ፣ ኦቼንታ...» ትላለች። ሽማግሌው ጸጥ ሲሉ ዞር አለች። ባልየው በጓሮው በር ላይ በጥቁር ዘይት የተነከሩ እጆቹን ዘርግቶ እንደያዘ ቆሟል።

«ይኼን ቋንቋ በዚህ ቤት አልሰማም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ለሥራዬ ነው።»

«ሌላ አስተማሪ ፈልጊ።»

«የት አለ? አንተ ታውቃለህ?»

አባቱን አየ። «እናቴ አልጋ ላይ ሆና ቀን ስትቆጥር እርስዎ በዚህ ነበር የሚቆጥሩት» አለና ሳይታጠብ ወጣ። የግቢው በር ተወርውሮ ተዘጋ። ሽማግሌው አንገታቸውን እንደደፉ ድንቹን አንድ በአንድ ወደ ገንዳው መለሱ። ያን ቀን ትምህርቱ እዚያ ላይ ተቋረጠ፤ ሴሴንታና ሴቴንታ፣ ስድሳና ሰባ፣ በቆጣሪ አፍ ውስጥ ገና ሳይለዩ ቀሩ።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። ዋናው ሐኪም ፀጉራቸው የነጣ፣ ጣታቸው የረዘመ፣ ሲሠሩ በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው። ረዳታቸው ጎበዝ ወጣት ሐኪም ነው፤ ማደንዘዣ የምትሰጠው ደግሞ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ከታካሚው ራስጌ ተቀምጣ የደም ግፊቱን በየጊዜው ጮክ ብላ ትናገራለች። ከሆስፒታሉ ወገን ቆጣሪና አዲሷ ነርስ ነበሩ። አዲሷ ነርስ በቁመቷ ማነስ «ሚጢጢ» ትባላለች፤ ጎዝ የታሸገበትን እሽግ ትከፍታለች፣ የተከፈተውን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ትጽፋለች፣ ከወለል የወደቀውን ትለቅማለች። የሆስፒታሉ ነባር ሐኪም በሌላው ክፍል የራሳቸው ሥራ ነበረባቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ቆጣሪ፣ «ዶ፣ ትሬ... ሴይ...» ስትል ሐኪሞቹ ተያዩና ሳቁ። በኋላ አስተርጓሚው ከበሩ ውጭ ምክንያቱን ነገራት፤ የደሴት መርከበኞች የቃሉን መጨረሻ ይበሉታል፤ ዶስ፣ ትሬስ፣ ሴይስ ነው የሚባለው። «እንደ ዓሣ አጥማጅ ነው የምትቆጥሪው ይላሉ» አላት። እሷም አብራቸው ሳቀች። ያ ቀን በሰላም አለፈ።

ማክሰኞ ግን ተሰናከለች። ስድስት እሽግ ተከፍቶ ነበር፤ በእያንዳንዱ አሥር ጎዝ። መጨረሻ ላይ ቆጠረች፤ ስድሳ፣ ልክ ነው። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን «ሴቴንታ» ነበር። ሐኪሙ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። ሰባ? ስድሳ ተከፍቶ ሰባ ከየት መጣ? ሰሌዳው ታየ፣ ባልዲው ተገለበጠ፣ ጎዙ ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደ አዲስ ተቆጠረ። ታካሚው ሆዱ እንደተከፈተ አሥር ደቂቃ ጠበቀ። ስሕተቱ የአፍ መሆኑ ሲታወቅ ሐኪሙ አልጮኹም። ያ ነው የባሰው። ሲወጡ ለአስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፤ እሱም ዓይኑን እየሰበረ፣ «ሲስተር፣ ካልቻልሽ ቁጥሩን በጣትሽ አሳዪኝ ነው የሚሉት» አላት።

ኃላፊዋም ሰምታ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ጠራቻት። «ሌላ ሰው ልተካ?»

ቆጣሪ፣ ተኪ ሊሆን የሚችለው ማን እንደሆነ አሰበች። ሚጢጢ ነበረች፤ ሚጢጢ ደግሞ ሥራ ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው፤ ሐኪም «ስጪኝ» ሲላት የምትሰጥበት ዕድሜ ላይ ናት። «አይ፣ እኔው እቆማለሁ» አለች።

እቤት ስትገባ ባሏ አልመጣም ነበር። ሽማግሌው ክፍላቸው ውስጥ ጋደም ብለዋል፤ ከቅዳሜ ወዲህ ጓሮ አልወጡም። ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀመጠች።

«ስድሳና ሰባ ከአፌ ይቀያየሩብኛል አባባ። ዛሬ ሰው ልገድልበት ነበር።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «በእኛ በላቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ስድሳ በይ።»

«ስድሳ።»

«ስንት ጊዜ ምላስሽ ‹ስ› አለ?»

«ስ... ሳ... ሁለት።»

«ሴሴንታም ሁለት ነው። ሰባ በይ።»

«ሰባ። አንድ።»

«ሴቴንታም አንድ።»

ቆጣሪ የ‹ስ›ን ብዛት በጣቷ እየያዘች ደገመችው። ከዚያ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ አለችው። ባሏ ሲገባ አሁንም እያለችው ነበር። በኮሪደሩ አለፈ፤ ሰምቷል። እራቱን በልቶ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት የተኛችው ታካሚ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት። ጣፊያዋ አብጦ ሆዷን ሞልቶት ለሁለት ዓመት ቀጠሮ ስትጠብቅ ቆይታለች። ከመተኛቷ በፊት የቆጣሪን ክንድ ይዛ፣ «ሲስተር፣ አንቺም ትገቢያለሽ?» አለቻት። «እገባለሁ።» «እሺ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ ሁሉ ሰላም ነበር። ሐኪሙ ያንጎራጉራሉ፣ ረዳቱ ይጎትታል፣ ሚጢጢ እሽግ ትከፍታለች። ጣፊያው ሊወጣ ሲል ግን አንድ ደም ሥር ተበጠሰ፤ ማንጎራጎሩ ተቋረጠ። ደሙ ከታች እንደ ምንጭ ፈልቆ ሁሉን ነገር ሸፈነ። ሐኪሙ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ቆጣሪ ጎዝ ታስይዛቸዋለች፤ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ታስይዛቸዋለች። አራተኛ እሽግ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ሚጢጢ እያንዳንዱን በሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ማደንዘዣ ሰጪዋ ከራስጌ ትጣራለች፦ «ኖቤንታ።» ዘጠና። «ኦቼንታ ኢ ሲንኮ።» ሰማንያ አምስት።

ቆጣሪ ልብ ያለችው ያኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ይህ ድምፅ ለሷ ከአየር ማናፈሻው ጩኸት የማይለይ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ገብቷታል። የልብስ ሰፊዋ ደም ግፊት በደረጃ ሲወርድ በጆሮዋ ትሰማዋለች፤ ላለመስማት ደግሞ አልቻለችም።

ጣፊያው ወጣ። ሐኪሙ ደም ሥሩን ቋጠሩ፣ ደሙን ጠረጉ፣ ረዳቱ በረጅሙ ተነፈሰ። ሐኪሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ክር ነው የሚፈልጉት። ሆዱ ሊሰፋ ነው። «ኦቼንታ» አለች ማደንዘዣ ሰጪዋ፤ ድምፅዋ ፈጠን ብሏል። መቸኮል ነበረባቸው፤ ሁሉም ያውቃል።

ሚጢጢ ጎዙን ወለሉ ላይ በአሥር በአሥር ደርድራ ቆጣሪ ትቆጥር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ረድፍ፤ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ዘጠኝ። ሚጢጢ ባልዲው ውስጥ ገባች ማለት ይቀላል፤ ከአልጋው ሥር ተንበረከከች፣ የጫማዎቹን ሥር ሳይቀር አየች። ራሷን ወዘወዘች። የለም።

«ሴሴንታ ኢ ኑዌቤ» አለች ቆጣሪ። ስድሳ ዘጠኝ።

ሐኪሙ ዓይናቸውን ከቁስሉ ሳያነሡ፣ «ሴቴንታ?» አሉ። ረዳቱ ከጎናቸው አንድ ነገር አለ፤ ቃሉ ባይገባትም ለዛው ገባት፤ ይቺ ደግሞ ዛሬም ቀላቀለችው ነው የሚለው። ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ሲ፣ ሴቴንታ» ብለው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

መርፌ መያዣው በክሩ ተዘጋጅቶ ቆጣሪ እጅ ውስጥ ነበር። አልሰጠችም።

«ኖ» አለች። «ሴሴንታ ኢ ኑዌቤ። ፋልታ ኡኖ።»

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሐኪሙ ያን ጊዜ ዓይናቸውን አነሡ። ከጭምብላቸው በላይ የሚታየው ዓይን ቁጣ ነበረበት፣ ላብም ነበረበት። አንድ ቃል ተናገሩ፤ ስጪኝ ማለት መሆኑን ለማወቅ ስፓኒሽ አያስፈልግም።

«ሴቴንታ ኢ ዶስ» አለች ማደንዘዣ ሰጪዋ። ሰባ ሁለት፤ ግን ይህ የጎዝ ቁጥር አልነበረም። የሴትዮዋ ደም ግፊት ነው።

ብትሳሳትስ? አንዱ እሽግ ከፋብሪካ ጎድሎ የመጣ ቢሆንስ? እሷ አንዲት ጨርቅ ስትፈልግ ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ ብትሞትስ? በየእሽጉ መክፈቻ ላይ ግን አሥር አሥሩን በጣቷ ቆጥራ ነበር፤ ደሙ ሲፈልቅ እንኳ ቆጥራለች። ታውቃለች። የሚያምኗት ቃል ካጣች ሌላ የሚቀራት ምን ነበር? ማክሰኞ ሐኪሙ ራሳቸው ያሏት ነገር ትዝ አላት። መርፌ መያዣውን ከኋላዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በደም የራሱ ጓንቶቿን ወደ ፊታቸው አነሣች። ስድስት ጣት አሳየቻቸው። ከዚያ ዘጠኝ። ቀጥሎ አንድ ጣት፤ ያንኑ ጣት ወደ ተከፈተው ሆድ ጠቆመች።

«ፋልታ ኡኖ» አለች ዳግመኛ።

ሐኪሙ ወደ ሰሌዳው አዩ። ሰባት ምልክት። ወደ ወለሉ አዩ። ሚጢጢ ረድፎቹን አንድ በአንድ በእጇ እያሳየች ቆማለች፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታች። ሐኪሙ በአፍንጫቸው አየር አስወጡና እጃቸውን መልሰው ከተቱ።

አንጀቱን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ፈለጉ፤ በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ከጉበቱ ሥር። ምንም። ረዳቱ አጉረመረመ። «ሴሴንታ ኢ ኦቾ።» ስድሳ ስምንት። ሐኪሙ እጃቸውን አውጥተው ባዶ መዳፋቸውን ለቆጣሪ አሳዩዋት፤ ይኸው፣ የለም።

እሷ ራሷን ወዘወዘች። ወደ ግራ ጠቆመች፤ ወደ ላይ፣ ጣፊያው ወደነበረበት ጉድጓድ። ለምን እዚያ እንዳለች ቆይታ ስትጠየቅ፣ «የመጨረሻዎቹን አሥር ሲወስዱ እጃቸው ወደዚያ ነበር የሚሄደው፤ ሲመለስም ሁሌ ባዶውን ነበር» ብላለች። ያኔ ግን ይህን ሁሉ የምትልበት ቃል አልነበራትም።

«ሴሴንታ ኢ ትሬስ።» ስድሳ ሦስት።

ሐኪሙ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ። ትከሻቸው ዘነበለ። ከዚያ ቆሙ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው የረጋ ደም የመሰለ ጥቁር ነገር ጎተቱ። መብራቱ ሥር ሲዘረጋ ጎዝ ነበር። ከሱ ተከትሎም ትኩስ ደም ፈለቀ፤ ከጨርቁ በስተጀርባ፣ ማንም ሳያየው፣ አንድ ትንሽ ደም ሥር እየደማ ነበር። ግፊቱን ሲያወርደው የነበረው እሱ ኖሯል። ከነጨርቁ ከነደሙ ሊሰፏት ነበር።

ሐኪሙ መቆንጠጫ ጠየቁ፣ ሰጠች፤ ክር ጠየቁ፣ ሰጠች። ቋጠሩት። ጠበቁ። ማደንዘዣ ሰጪዋ ለታካሚዋ ደም ሰጠቻት፣ የግፊት መለኪያውን አየች፣ እንደገና አየች። «ሴሴንታ ኢ ኑዌቤ» አለች። ግፊቱ መውረዱን አቁሞ ወደ ላይ ዞሯል። «ሴቴንታ ኢ ኳትሮ። ኦቼንታ።»

ሚጢጢ ጎዙን ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው። ሐኪሙ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ቆጣሪን አዩ፤ ጠበቋት።

«ሴቴንታ» አለች። ሰባ።

«ግራስያስ» ብለው አመሰገኑና እጃቸውን ዘረጉ።

ቆጣሪ ጓንቷን አወለቀች። መታጠቢያው ጋ ውሃውን ከፍታ ቆማ ቀረች። ሐኪሙ መጥተው አጠገቧ ታጠቡ። አስተርጓሚውን ከኮሪደር ጠሩት፤ እሱም ቀሚሳቸው ላይ ያለውን ደም ላለማየት ጣሪያውን እያየ አስተረጎመ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ ይላሉ። ክር የከለከለችኝ ነርስ የለችም ይላሉ።»

«ይቅርታ በልልኝ።»

አስተርጓሚው ነገራቸው። ሐኪሙ ራሳቸውን ወዘወዙ። «ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ ይላሉ። ደግሞም... ቁጥር ያስተማረሽ ሰው ማነው ይላሉ።»

«የባሌ አባት።»

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሾፌር ፍሬን ሊያስይዝ ጋራዥ ሄዶ ነበር። ሾፌር ደግሞ የሰማውን ሳያራግፍ አይመለስም። የቆጣሪ ባል ከመኪናው ሥር እንደተኛ ታሪኩን ሁሉ ሰማ፤ ሚስቱ ክር መከልከሏን፣ «ፋልታ ኡኖ» ማለቷን፣ ሴትየዋ መትረፏን። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ሥር አልወጣም አሉ።

ማታ እራት ላይ ሦስቱም ተቀምጠው ሳለ ድንገት ባልየው፣ «አንድ ጎድሏል እንዴት ነው የሚባለው?» አለ። ማንን እንደጠየቀ ግልጽ አልነበረም፤ ሳሕኑን እያየ ነው የተናገረው።

ቆጣሪ ወደ ሽማግሌው አየች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋልታ ኡኖ» አሉ።

«ለማን ነበር የሚሉት?»

«ለሚዘገይ ሰው። ምሳ ላይ።» ቀጥለውም፣ «የእናትህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከሞተች በኋላ ነው። ወደብ ላይ ነው የቆየኝ። ይኼን ነግሬህ አላውቅም» አሉ።

ባልየው እንጀራውን መቁረስ ጀመረ። ተነሥቶ አልወጣም።

ልብስ ሰፊዋ በአሥራ አንደኛው ቀን በእግሯ ወጣች። እንግዶቹም ሁለት ሳምንታቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ በነዚያ ቀሪ ቀናት ዋናው ሐኪም ቆጣሪ ሳትናገር ክር ጠይቀው አያውቁም። ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፈችና በኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ለጠፈች፤ ነርሷ ቆጠራው ገጥሟል ሳትል ማንም ሐኪም፣ የቤትም ይሁን የውጭ፣ ሆድ አይሰፋም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ ኋላ ለመዱት።

እንግዶቹ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚመለሱ ሲታወቅ ኃላፊዋ ለሰባት ነርሶች የቁጥር ትምህርት እንዲሰጥ ፈለገች። አስተማሪው በአንድ ረቡዕ ጠዋት ኮሌታው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ያመጣቸው ልጃቸው ነው፤ በደንበኛ መኪና፣ ለሙከራ በሚል ሰበብ። ሽማግሌው ሲወርዱ፣ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አላቸው።

«አንድ ሰዓት ይሆናል። አንተ ሂድ፣ ሥራህን አትፍታ።»

«እጠብቃለሁ» አለና ሞተሩን አጠፋ።

ውስጥ ሰባቱ ነርሶች ደብተራቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል፤ ሚጢጢ ከፊት ናት። ሽማግሌው ሰሌዳው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምነግራችሁ የመርከብ ቁጥር ነው» አሉ። «እኔ ጫፍ ጫፉን እበላዋለሁ፤ እናንተ ግን እንዳትበሉት።» ከዚያ ጀመሩ።